ላይብረሪዎቹ ብቻ ይውረዱልኝ፤ ኮዱ ገና ነው

ጥያቄ፦ «ቢሮ ጥሩ ኢንተርኔት አለን። ቤት ግን በስልክ ዳታ ነው የምሠራው፣ እሱም ቶሎ ያልቅብኛል። በስፕሪንግ ቡት የጀመርኩት የጃቫ ፕሮጀክት አለኝ፤ ቢልዱን፣ ማለትም ላይብረሪ ማውረዱን፣ ኮምፓይሉንና መጠቅለሉን የሚሠራልኝ ሜቨን ነው። ላይብረሪዎቹን ቢሮ አውርጄ በፍላሽ ወደ ቤት ልወስድ ፈለግኩ። ኮዱ ግማሽ ላይ ስለሆነ ኮምፓይል አያደርግም፤ ‹ኤምቪኤን ኢንስቶል› ስል ኤረር አውጥቶ ይቆማል። ጓደኛዬ ‹ዲፔንደንሲ:ጎ-ኦፍላይን› በል አለኝ። አልኩ፤ ‹ቢልድ ሰክሰስ› ብሎ ጨረሰ። ሜቨን ያወረደውን የሚያስቀምጥበትን ማከማቻ ኮፒ አድርጌ ቤት ገባሁ። እዚያ ኦፍላይን ስሞክረው ላይብረሪዎቹ አልወረዱም ይለኛል። ፎልደሩን ከፍቼ ሳይ ግን ፋይሎቹ ቁጭ ብለዋል! በማግስቱ ቢሮ ያልጨረስኩትን ኮድ ኮሜንት አድርጌ፣ ኬብሉን ነቅዬ ሞከርኩት። ኮምፓይሉ አለፈ፤ ቴስቱ ላይ ‹ሹርፋየር› የሚባል ነገር አጣሁ ብሎ ቆመ። ፕሮጀክቱን ኮምፓይል ሳላደርግ ሁሉንም ማውረድ ይቻላል ወይስ ልተወው?»

መልስ፦ ይቻላል። ግን የገጠመህ አንድ ችግር አይደለም። ሦስት የተለያዩ ችግሮች በአንድ ሳምንት ተደራርበውብህ ነው አንድ የመሰሉህ። በተራ እንፍታቸው።

የመጀመሪያው የቃል ጣጣ ነው። «ኢንስቶል»ን እንደ ማውረጃ ነው የወሰድከው። ኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ማውረጃ) የለመደ ሰው «ኢንስቶል» ሲል በእርግጥም ላይብረሪ አምጣልኝ ማለቱ ነው። በሜቨን ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። የራስህን ፕሮጀክት ኮምፓይል አድርግ፣ ቴስት አድርግ፣ ጃር (የጃቫ ኮድ የሚጠቀለልበት ፋይል) አድርገህ ጠቅልል፣ ከዚያ እዚሁ ኮምፒውተር ውስጥ ባለው ማከማቻ አስቀምጥ ማለት ነው። ላይብረሪ የሚወርደው በመንገድ ላይ ነው፤ የተነሳበት ጉዳይ እሱ አይደለም። ኮምፓይል ላይ ሲወድቅ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ላለው ሥራ የሚያስፈልገው ሁሉ ሳይወርድ ይቀራል።

በሜቨን ሁለት ዓይነት ትዕዛዝ አለ። አንዱ ፌዝ ይባላል። «ኮምፓይል»፣ «ቴስት»፣ «ፓኬጅ»፣ «ኢንስቶል» ፌዝ ናቸው። አንዱን ስትጠራ ከፊቱ ያሉት ሁሉ ተከታትለው ይመጣሉ። ሌላው ጎል ነው፤ የአንድ ፕለጊን፣ ማለትም ለሜቨን ሥራ የሚሠራለት ተጨማሪ ፕሮግራም፣ አንድ ተግባር ነው። መሃሉ ላይ ሁለት ነጥብ ያለበት ትዕዛዝ ጎል ነው። «ዲፔንደንሲ:ጎ-ኦፍላይን» ጎል ነው፤ ኮድህንም ዞሮ አያየው። የሚያነበው ፖም.ኤክስኤምኤል የሚባለውን፣ የፕሮጀክቱ ላይብረሪዎች የተዘረዘሩበትን ፋይል ነው። የጃቫ ኮድህን በሙሉ አውጥተህ ፖሙን ብቻ ብትተውለትም ያው ይሠራል። ዶከር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ማሸጊያ) የሚጠቀሙ ሰዎች ይህን ሲሠሩበት ኖረዋል። መጀመሪያ ፖሙን ብቻ ኮፒ ያደርጋሉ፣ ላይብረሪውን ያወርዳሉ፣ ኮዱን ከዚያ በኋላ ያመጣሉ። እንዲህ ከሆነ አንዲት መስመር ኮድ በተቀየረች ቁጥር ሁሉም ነገር እንደ አዲስ አይወርድም።

(በነገራችን ላይ፣ ትዕዛዞቹን በፊደላችን የጻፍኳቸው ለንባብ እንዲመቹ ነው። ቴርሚናል ላይ እንደምታውቀው በላቲን ትመታቸዋለህ።)

ስለዚህ ጓደኛህ የነገረህ ትዕዛዝ ልክ ነው። ስሙ ግን ከሚሠራው በላይ ይናገራል። ሁለተኛው ችግርህ እዚህ ጋ ነው።

ሜቨን የሚያስፈልገውን ሁሉ አስቀድሞ ቆጥሮ የሚነሳ አይደለም። ወጡን ጥዳ «ውይ፣ በርበሬ!» ብላ ልጅ ወደ ሱቅ እንደምትልክ ባለሙያ ነው። ልጁ ሲመለስ ደግሞ «ዘይትም ረስቼ ነበር» ትለዋለች። ሱቁ በር ላይ እስካለ ድረስ ይህ አይታወቅም። ሱቁ ሲዘጋ ነው ጉዱ የሚወጣው። «ጎ-ኦፍላይን» ፖሙ ላይ የተጻፉትን ላይብረሪዎች፣ የእነሱን ላይብረሪዎች፣ ፕለጊኖቹን እና የፕለጊኖቹን ጥገኞች ያወርዳል። አንዳንድ ፕለጊን ግን ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ በዚያች ቅጽበት፣ ተጨማሪ ነገር ይጠይቃል። ያ ጥያቄ ፖሙ ላይ የትም አልተጻፈም። «ጎ-ኦፍላይን» ሊያየው አይችልም።

ያንተ ሹርፋየር የዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ሹርፋየር ቴስት የሚያስኬደው ፕለጊን ነው። ሥራውን ሲጀምር ቴስቶችህ በምን እንደተጻፉ ያያል። ጁኒት 5 (የጃቫ ቴስት መጻፊያ) ሆኖ ሲያገኘው «ሹርፋየር-ጁኒት-ፕላትፎርም» የሚባለውን አስኪያጅ ያወርዳል። በዚህም አያበቃም። «ጁኒት-ፕላትፎርም-ላውንቸር» የሚባል ሌላ ጃር ፕሮጀክትህ ውስጥ ከሌለ እሱንም ከጁኒትህ ቨርዥን ጋር አመሳስሎ ያመጣል። የስፕሪንግ ቡት የቴስት ስታርተር ጁኒትን ይዞልህ ይመጣል፤ ላውንቸሩን ግን አይዝም። እኔ ይህን የተማርኩት ለፋሲካ ደሴ ሄጄ ነው። አውቶቡስ ተራ ከመድረሴ በፊት ሁሉን አውርጃለሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር። በዓሉን ቴስት ሳላስኬድ ዋልኩ። ለአንዲት ትንሽ ጃር!

«ቴስቱን ስኪፕ አድርጌ ላውርድ» ብለህም አታስብ። ቴስት ሲዘለል ሹርፋየር አስኪያጁን አይጠይቅም፤ ስለዚህም አያወርደውም።

ሁለተኛው የተደበቀ ቀዳዳ አኖቴሽን ፕሮሰሰር ነው፤ ኮምፓይል ሲደረግ ኮድ የሚያመነጭልህ። ማፕስትራክት የሚባለውን እንዲህ ያለ ላይብረሪ የምትጠቀም ከሆነ ፕሮሰሰሩ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በኮምፓይለር ፕለጊኑ ውስጥ፣ «አኖቴሽን ፕሮሰሰር ፓዝስ» የሚለው ሥር ነው። ይህን ዝርዝር የሚፈታው ራሱ የኮምፓይለር ፕለጊኑ ነው፣ እሱም ኮምፓይል ሲያደርግ። ሌላው ፕሮሰሰር ሎምቦክ ብዙ ጊዜ የሚተርፈው እንደ ተራ ዲፔንደንሲም ስለሚጻፍ ነው። ማፕስትራክት ግን ቤት ስትገባ ያስደነግጥሃል።

ፕሮፋይልም (ሲፈለግ ብቻ የሚከፈት የፖም ክፍል) አትርሳ። ፖሙ ውስጥ በፕሮፋይል ሥር የተጻፉ ላይብረሪዎች ፕሮፋይሉ ካልተከፈተ አይወርዱም። የኦፐሬቲንግ ሲስተም ጉዳይም አለ። ጃቫ ኤፍኤክስን የመሰሉ ላይብረሪዎች ለዊንዶውስ እና ለሊኑክስ የተለያየ ጃር አላቸው። ቢሮ ዊንዶውስ፣ ቤት ኡቡንቱ ከሆነ ያወረድከው ለሌላው የተሰፋ ልብስ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው፣ አንተን በጣም ወዳናደደህ ችግር እንምጣ። ፋይሉ ቁጭ ብሎ «አልወረደም» መባሉ።

ሜቨን 3 ያወረደውን ፋይል ብቻ አያስቀምጥም። ከየት እንዳመጣውም ይመዘግባል። ከሆም ፎልደርህ «ነጥብ ኤም2» ወደሚለው ግባ፣ ከዚያ «ሪፖዚቶሪ»፣ ከዚያ አንዱን ላይብረሪ ክፈት። ከጃሩ እና ከፖሙ አጠገብ «ሪሞት.ሪፖዚቶሪስ» የምትል፣ ከፊቷ የግርጌ ሰረዝ ያለባት ትንሽ ፋይል ታገኛለህ። በኖትፓድ ክፈታት። የጃሩ ስም፣ ከዚያ የመጣበት ማከማቻ መለያ ስም ተጽፎባታል። መሥሪያ ቤቶች ብዙ ጊዜ የራሳቸውን ሚረር ሰርቨር፣ ማለትም የዋናውን ማከማቻ ምትክ፣ ያስቀምጣሉ። ያንተ ቢሮም እንደዚያ ከሆነ የሚረሩ ስም ነው የሚጻፈው። ቤት ያለው ሜቨን ደግሞ ስለዚያ ሚረር ሰምቶ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው «ሴንትራል» የሚባለውን የሜቨን ዋና የኢንተርኔት ማከማቻ ነው። ፋይሉን አይቶ «ይህ ከሴንትራል አልመጣም፣ ከየት እንደመጣም አላውቅም» ብሎ እንደሌለ ይቆጥረዋል። ከዚያ ከሴንትራል ሊያወርድ ይነሳል፣ ኦፍላይን ነህ፣ ይወድቃል። ኤረሩን ረጋ ብለህ ብታነበው ይህንኑ ነው የሚልህ፦ ሴንትራልን በኦፍላይን ማግኘት አልተቻለም፤ ፋይሉም ከዚህ በፊት ከእሱ አልወረደም። «ከእሱ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው ጉዳዩ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቢሮ ኮምፒውተር ላይ እዚያው «ነጥብ ኤም2» ውስጥ ያለውን ሴቲንግስ.ኤክስኤምኤል የሚባል ፋይል አብረህ ውሰድና ቤት ተመሳሳይ ቦታ አስቀምጠው። ቤት ያለው ሜቨን ሚረሩን በስሙ ያውቀዋል፤ ኦፍላይን ስለሆነ ሰርቨሩን ሊያገኘው አያስፈልገውም። አንድ ጥንቃቄ፦ በዚያ ፋይል ውስጥ የቢሮ ፓስወርድ ሊኖር ይችላል። ካለ ያን ክፍል አጥፋው፤ የሚረሩ መለያ ስም ብቻ ይበቃሃል። ፋይሉን መውሰድ ካልተፈቀደልህ ደግሞ ቤት ባለው ኮፒ ላይ እነዚያን ትንንሽ የመዝገብ ፋይሎች ብቻ ፈልገህ ብታጠፋቸው ሜቨን የሚጠራጠርበት ነገር ያጣል፤ ጃሮቹን ይቀበላል።

እንግዲህ ምን ይሻላል? ሰው ብዙ መንገድ ይነግርሃል። የጎደሉትን አንድ በአንድ «ዲፔንደንሲ:ጌት» በሚለው ጎል ማውረድ ትችላለህ። ስሙን እና ቨርዥኑን ትሰጠዋለህ፣ ከነጥገኞቹ ያመጣዋል፣ ኮምፓይል የለም። የሹርፋየር አስኪያጁ ቨርዥን ከሹርፋየር ፕለጊኑ ቨርዥን ጋር አንድ መሆን እንዳለበት ብቻ አትርሳ። አንድ ሁለት ነገር ከጎደለ ይህ ጥሩ ነው። የጎደለውን ግን አስቀድመህ ማወቅ አለብህ፤ የምታውቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከወደቅክ በኋላ ነው። ቃዌር የሚባል የጀርመን ኩባንያ ያወጣው «ጎ-ኦፍላይን» ፕለጊንም አለ። እነዚህን ድብቅ ነገሮች ፖሙ ላይ ዘርዝረህ እንድትጽፍለት ያደርጋል። ለቡድን እና ለቢልድ ሰርቨር ጥሩ ነው፣ ለአንድ ሰው ግን ዝግጅቱ ይበዛል።

«ዲፔንደንሲ:ኮፒ-ዲፔንደንሲስ» የሚለውን የሚመክርህ ካለ ግን አትስማው። ጃሮቹን ሁሉ «ታርጌት» ፎልደር ውስጥ ይከምርልሃል፣ ሲያዩት ደስ ይላል። ሜቨን ግን ከዚያ ክምር አያነብም። እሱ የሚፈልገው በራሱ አቀማመጥ የተደረደረ፣ ከነፖሙ የሆነ ማከማቻ ነው። ፕለጊኖቹም እዚያ ውስጥ የሉም።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ኮምፓይል እንዲሆን የማትፈልገው *ያንተን* ኮድ ነው። ስለዚህ ሌላ ኮድ ኮምፓይል አድርግ።

አዲስ ባዶ ፎልደር ክፈት። የፕሮጀክትህን ፖም እዚያ ኮፒ አድርግ። ውስጡ ሜን ያላት አንዲት ባዶ የጃቫ ክላስ እና ምንም የማትሠራ አንዲት የጁኒት ቴስት ጻፍ፤ ሁለቱም ተደምረው አሥር መስመር አይሞሉም። ሜኗን የምትፈልጋት ስፕሪንግ ቡት ሲጠቀልል ሜን ክላስ ካላገኘ ስለሚያኮርፍ ነው። ከዚያ «ኤምቪኤን ክሊን ኢንስቶል» በል። ማከማቻው ንጹሕ እንዲሆን «ሜቨን.ሪፖ.ሎካል» የሚለውን አማራጭ በሰረዝ ዲ ጨምረህ አዲስ ባዶ ፎልደር አሳየው፤ ለምሳሌ ዲስክህ ላይ «ሪፖ» የሚል። ይህች የውሸት ፕሮጀክት እውነተኛውን መንገድ በሙሉ ትሄዳለች። ሹርፋየር አስኪያጁን ይጠይቃል፣ ላውንቸሩ ይወርዳል፣ የማፕስትራክት ፕሮሰሰር ይመጣል። የረሳችው በርበሬ የለም፣ ምክንያቱም ወጡን ሠርታ ጨርሳለች። «ክሊን»ን ያስገባሁት በምክንያት ነው። ክሊንም የራሱ ፕለጊን አለው። ቤት ገብተህ «ክሊን» ስትል ነው የምታስታውሰው።

ሁሉን ከጨረስክ በኋላ የውሸት ፕሮጀክቷን ጃር «ሪፖ» ውስጥ በስሟ ፈልገህ አጥፋት። ፖሙ ያንተ ስለሆነ ባዶዋ ጃር በእውነተኛው ፕሮጀክትህ ስም ነው የተቀመጠችው። ሌላ ፕሮጀክት ያንን ስም የሚጠቀም ከሆነ ባዶ ጃር አንስቶ ክላስ አጣሁ ይልሃል፤ ምክንያቱን ስትፈልግ ግማሽ ቀን ይሄዳል።

ፕሮጀክትህ ፕሮቶኮል በፈርን ወይም ኦፕን ኤፒአይን ከመሰለ ፋይል ኮድ የሚያመነጭ ከሆነ እነዚያን ፋይሎችም ወደ ባዶው ፎልደር ውሰድ። ያለ እነሱ ጀነሬተሩ ሥራ አይጀምርም፣ የሚፈልገውንም አያወርድም።

ፕሮጀክቱ ብዙ ሞጁል ካለው ነገሩ ትንሽ ይከብዳል። ሞጁሎቹ እርስ በርስ ይፈላለጋሉ፣ ያልተሠራው ሞጁል ደግሞ ሴንትራል ላይ የለም። እዚያ ላይ የምጠቀመው ሌላ ዘዴ ነው። «ኢንስቶል»ን «ሜቨን.ሜን.ስኪፕ» እና «ሜቨን.ቴስት.ስኪፕ» ከሚሉ አማራጮች ጋር አስኪደው። ኮምፓይሉን ዘሎ ለየሞጁሉ ባዶ ጃር ያስቀምጣል፤ እህትማማቾቹም ይገናኛሉ። ለስፕሪንግ ቡት «ስፕሪንግ-ቡት.ሪፓኬጅ.ስኪፕ»ንም ጨምርበት። ቴስቱ ስለተዘለለ የሹርፋየሩን ነገር በ«ዲፔንደንሲ:ጌት» ለብቻው ማምጣት ይኖርብሃል። ስለ ባዶ ጃር የተናገርኩት ማስጠንቀቂያ እዚህ በእጥፍ ይሠራል።

ማውረዱ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ወይም ኔትወርክ ከተቆረጠ አትደንግጥ፤ ትዕዛዙን ድገመው፣ ካቆመበት ይቀጥላል። «ከዚህ በፊት ተሞክሮ አልተገኘም» እያለ ከተገተረ ትልቁን ዩ በሰረዝ ጨምርለት። ያለፈውን ውድቀት ረስቶ እንደገና ይሞክራል።

ሌሎች ቋንቋዎች ላይ ነገሩ ይቀላል። ረስት «ካርጎ ፌች» አለው፣ ጎ «ጎ ሞድ ዳውንሎድ»፣ ዶትኔት «ሪስቶር»። ሦስቱም ማውረድን ከኮምፓይል ለይተው ያስቀመጡ ናቸው። ሌላው የጃቫ ቢልድ መሣሪያ ግሬድል ግን ለዚህ የተዘጋጀ ትዕዛዝ የለውም። «ግሬድል ዲፔንደንሲስ» የሚለውን ብዙ ሰው ለማውረጃ ይጠቀምበታል፤ የላይብረሪዎቹን የጥገኝነት ዛፍ ለመሳል የሚበቃውን መረጃ ነው የሚያመጣው እንጂ ጃሮቹን አይደለም።

አንድ የደህንነት ነገር ልጨምር፤ አንተ አልጠየቅከኝም ግን ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። «ኮምፓይል ስላላደረግኩ ምንም ኮድ አልሄደም» ማለት አይቻልም። ኤንፒኤም ሲያወርድ የፓኬጆቹን ስክሪፕት ሊያስኬድ ይችላል፤ «ኢግኖር-ስክሪፕትስ» ካላልከው በስተቀር። የፓይተኑ ፒፕ «ዳውንሎድ» ሲባልም የሶርስ ፓኬጅ ካገኘ መረጃውን ለማንበብ ብሎ የፓኬጁን ኮድ ሊያስኬድ ይችላል። ሜቨንም ፖሙ ላይ የተጻፈ ኤክስቴንሽን ካለ ገና ሲነሳ ይጭነዋል። የማታውቀውን ሰው ፕሮጀክት ለምርመራ ብለህ የምታወርድ ከሆነ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ አድርገው።

ከቢሮ ከመውጣትህ በፊት የመጨረሻው ሥራ ይህ ነው። ኬብሉን ንቀል፣ ዋይፋዩን አጥፋ። በባዶዋ ፕሮጀክት ላይ፣ በዚያው አዲስ «ሪፖ»፣ «ኤምቪኤን ክሊን ኢንስቶል»ን ትንሿን ኦ በሰረዝ ጨምረህ አስኪድ። «ሰክሰስ» ካለ የባዶዋን ጃር አጥፋ፣ «ሪፖ»ውን ዚፕ አድርገህ ከሴቲንግስ ፋይሉ ጋር ወደ ፍላሽ አስገባ። ብዙ ጊዜ በመቶ ሜጋባይት የሚቆጠር ስለሆነና ትንንሽ ፋይሎች ስለሚበዙበት፣ ዚፕ ሳታደርግ ኮፒ ካልክ ግማሽ ሰዓት ትቆማለህ። ካልተሳካ ደግሞ ኬብሉን መልሰህ ሰካ፤ የጎደለው ስም ኤረሩ ላይ ተጽፏል፣ ሱቁም ገና አልተዘጋም።